የመጨረሻው ቅጽ ሙሽራ

ሰውዬው ሴትዮዋን ይዞ በመጣ ዕለት መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጫማዋን መደበቅ ነበር።

በእኛ ማረፊያ ቤት እንግዳ ሲገባ ጫማውን ደፍ ላይ አውልቆ ለአሮጊቷ ለቶሜ ይሰጣል። ቶሜ በረዶውን ታራግፍለትና በር አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለች። መደርደሪያውን ያየ ሰው ስንት እንግዳ እንዳለ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ከተሜ ይሁን ባላገር ወዲያው ያውቃል። ሰውዬው ግን ጥቁሩን የሴት ቦት ጫማ ከቶሜ እጅ ወስዶ በጋዜጣ ጠቀለለው። ብብቱ ሥር ሸጎጠና ወደ ላይ ወጣ። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ በካልሲዋ ተከተለችው። የቤቱ እመቤት እናቴ ናት። ይህን ሁሉ ቆማ እያየች ምንም አልተናገረችም። የሰውዬው አድራጎት ሳይሆን የእናቴ ዝምታ አስፈራኝ።

ጊዜው ከቶኪዮ ኦሎምፒክ በኋላ የመጣው የበረዶ ወራት ነው። የታችኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። መንደራችን ዩኖሳዋ ያን ጊዜ ፍል ውኃና ተራራ ብቻ ነበር። በረዶው መንገዱን ሲዘጋው እንግዳ ይጠፋል፣ ትምህርት ቤትም ይዘጋል። የሚታይ ነገር ስለማይኖር ያየሁትን ነገር አልለቅም ነበር። ዛሬም እንደዚያው ነኝ።

ሰውዬው ማካቤ ይባላል። ቀጭን ነው፣ የመነጽሩ አንዱ እግር ተሰብሮ በክር ታስሯል። ሴትዮዋ ናትሱኮ ነው ስሟ። ላይኛው ፎቅ ጥጉን ክፍል ለእሷ አደረገና እሱ ደረጃው አናት ላይ ያለውን ያዘ። ከሠራተኞች የማድቤት ደረጃ በቀር፣ በእሱ በር ሳያልፉ እሷ ዘንድ አይደረስም። ቀኑን ሙሉ በሩን ከፍቶ ጋዜጣ ይዞ ይቀመጣል። ምግቧን ከሠራተኞቹ እጅ ተቀብሎ ራሱ ያስገባላታል። ስልክ ሲደወል ከእናቴ ቀድሞ ይወርዳል። «እንዲህ የምትባል ሴት እዚህ የለችም» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አሁን ነገሩን አውቀዋለሁ። ማካቤ የአሳታሚ ሰው ነበር። የደራሲ ወይም የሠዓሊ ሥራ ሲዘገይ አሳታሚው ወደ ማረፊያ ቤት ወስዶ ይዘጋበታል። እንደ ዓሣ በቆርቆሮ አሸጉት ይባላል። ሥራው ሳያልቅ አይወጣም። ናትሱኮ ደግሞ በብዕር ስም «ማዶ ለማዶ» የሚባለውን ማንጋ፣ በሥዕል የሚተረከውን ታሪክ፣ የምትሥለው ሴት ነበረች፤ የመጨረሻውን ቅጽ ልትጨርስ ነው የመጣችው። ይህን ከእናቴ በቀር በቤቱ የሚያውቅ አልነበረም።

«ማዶ ለማዶ»ን የእኛ ማድቤት በቃሉ ያውቀዋል። ወጣቷ ሠራተኛ ኪኑ፣ ከተማ ካለው መጽሐፍ አከራይ ሱቅ እያመጣች፣ ሳህን ሲታጠብ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። ሚዮ የምትባል፣ ቶፉ የሚሉትን የአኩሪ አተር አይብ የሚሠራ ሰው ልጅ አለች። ከመንገዱ ማዶ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ልጅ፣ ሺንታ አለ። የመታጠቢያ ቤቱ ጭስ በየቀኑ የሚዮን ነጭ ቶፉ ያጠቁረዋል፣ ሚዮ በየቀኑ ባልዲ ይዛ ልትሰድበው ትሻገራለች። ቅጽ በቅጽ ሲጣሉ ኖረዋል። መዋደዳቸውን ያላወቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሴቶቹ እየሳቁ ያለቅሳሉ። እኔ አልሰማም ነበር። የሴት ልጆች ማንጋ ሲሰማ የተገኘ ወንድ ልጅ በትምህርት ቤት ዕድሜውን ሲሰደብ ይኖራል።

እንግዲህ እኔ የማውቀው ሴትዮዋ እንደማትወጣ፣ ጫማዋ እንደተወሰደና ማካቤ እንደሚጠብቃት ብቻ ነበር።

አንድ ቀን በመተላለፊያው ሳልፍ ጠራችኝ። ማካቤ ራሱን ነቅንቆ አሳለፈኝ።

«ጎበዝ፣ እስቲ ትንሽ ቁምልኝ» አለች። የመታጠቢያ ፎጣ ራሴ ላይ ጣለችና እጆቼን ከሆዴ በታች አነባበረቻቸው። «አንገትህን ደፋ አድርግ። እንደዚያ። አሁን ወዴት እንደሚወስዷት የማታውቅ ሴት ነህ።»

«ወዴት ነው የሚወስዷት?»

«እሷን ብጠይቃትም አትነግረኝም።»

የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ሲቧጭር እሰማለሁ። ጣቶቿ ቀለም የጠጡ ነበሩ፤ እኔንም ስታስተካክል እጄን አቀለመችኝ። አንገቴ ሲዝል ቀና ብዬ አየሁ። ወረቀቱን ወዲያው በጋዜጣ ሸፈነችው። ከመሸፈኗ በፊት ግን አይቻለሁ። በእርሳስ የተነደፈች ሙሽራ ናት፣ ነጭ ልብስና ነጭ ትልቅ ቆብ ያደረገች። ፊት የላትም። አጠገቧ ወንድ ቆሟል። ፀጉሩ ላይ ኤክስ፣ ካባው ላይም ኤክስ ተደርጎበታል።

ጠልታዋለች አልኩ በልቤ። የማትወደውን ሰው እየሣለች ትሰርዘዋለች።

ኤክሱ የሥራ ምልክት ነው። ሠዓሊው ሙሉ ለሙሉ መጥቆር ያለበትን ቦታ በእርሳስ ኤክስ ያደርግበታል፣ ሌላ ሰው በብሩሽ ቀለም ይሞላበታል። የሚሞላው ማካቤ ራሱ ነበር። ያን ጊዜ ማን ይንገረኝ?

ከዚያ በኋላ ነው ንግግራቸውን የሰማሁት። ከክፍሏ ቀጥሎ ያለው ፍራሽ የሚቀመጥበት ቁም ሳጥን ነው፣ ግድግዳው ወረቀት ነው። ፍራሽ ልመልስ ገብቼ ድምፃቸው ሲመጣ እዚያው ተቀመጥኩ።

«ሐሙስ ሠርጉ ማለቅ አለበት» አለ ማካቤ።

«አልሆነልኝም።»

«መምህርት፣ ስንት ዓመት የተጠበቀ ሠርግ ነው። ነጩ ይለበስ፣ ጽዋው ይጠጣ፣ እንገላገል።» ሠዓሊንና ደራሲን መምህር ብሎ መጥራት የአገራችን ልማድ ነው።

«ነጩን ልብስ ባሰብኩ ቁጥር እጄ ይደርቃል። ያውቃሉ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለ። «አውቃለሁ፣ ግን ሐሙስ ነው።»

«ቀን ይጨምሩልኝ።»

«የእኔ ቢሆን ከዕድሜዬ ቆርጬ እጨምርልዎት ነበር። ደግሞ ከሐሙስ ካለፈ እዚህ መሆንዎን ማወቃቸው አይቀርም። ያኔ ደረጃው ላይ መቀመጤ አያድንዎትም።»

ከዚያ አፍንጫ ሲናፈጥ ሰማሁ። የማን እንደሆነ አላወቅሁም።

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ማካቤ ሴትዮዋን ሰርቆ አምጥቷታል፣ ሐሙስ ሳትወድ በግድ ሊያገባት ነው፣ ዘመዶቿ ደርሰው እንዳያስጥሏት ይፈራል።

በእርግጥ ሁለት ሠርግ ነበር። አንዱ ወረቀት ላይ ነው፤ የሚዮና የሺንታ። አሳታሚው ያለ ሠርግ የመጨረሻ ቅጽ የለም ብሏል። ሌላው የራሷ የናትሱኮ ነው። አባቷ ሲሞት የቤቱ ራስ የሆነው ታላቅ ወንድሟ ለአንድ የጣሪያ ሸክላ ነጋዴ ቤት ሰጥቷታል። ሰውየውን አላየችውም። እምቢ ስትል ብዕሮቿን ሰብሮ ምድጃ ውስጥ ከተታቸው። እሷም ወደ ማካቤ ሄዳ፣ ዝጋብኝ፣ ሰው አያግኘኝ፣ ልጨርሰው አለችው። መጽሐፉ ካላለቀ አሳታሚው ሌላ ሥራ አይሰጣትም። ሥራ ከሌላት ከወንድሟ ቤት በቀር መግቢያ የላትም። ጫማዋንም ከመደርደሪያው አርቅልኝ ያለችው እሷ ናት። ከሠርግ ሸሽታ መጥታ ሠርግ መሣል አቃታት።

ማታ በእራት ላይ እናቴን ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ያቺ ሴትዮ እስረኛ ናት?»

«እንግዳ ናት።»

«ጫማዋስ?»

«ስለ ጫማዋ ለሰው ብትተነፍስ ምላስህን ነው የምቆርጠው።»

«ሠርጉንስ ታውቂያለሽ?»

ማንኪያው እጇ ላይ ቆመ። «ማን ነገረህ?»

«ሰማሁ።»

«የሰማኸውን ከሩዙ ጋር ዋጠው» አለች።

እናቴም ከእነሱ ጋር ናት ማለት ነው። እንግዲህ ብቻዬን ቀረሁ።

በማግስቱ ማካቤ ሊታጠብ ሲወርድ ክፍሉ ገባሁ። ጫማው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ በጋዜጣው እንደተጠቀለለ ነበር። በማድቤቱ ደረጃ ወርጄ ማሞቂያ ቤት ወሰድኩት። የእኛ ፍል ውኃ ለብ ያለ ስለሆነ አባቴ ከመታጠቢያው ጀርባ እንጨት እያነደደ ያሞቀዋል። ከእንጨቱ ክምር ኋላ ሸጎጥኩት። ማሞቂያ ቤቱ ወደ ጓሮ የሚያወጣ በር አለው፣ ከጓሮው በባቡር ሐዲዱ ዳር ጣቢያው ይደረሳል።

ናትሱኮ ዘንድ ሄድኩና ፎጣውን ራሴ ላይ አድርጌ እንደ ፊተኛው ቀን ቆምኩ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ጫማዎ ማሞቂያ ቤት ነው። ከእንጨቱ ጀርባ።»

ብዕሯ ቆመ። «ማን ላከህ?»

«ማንም።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። «እዚያው ይቆይ» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ለምን ተነሥታ እንደማትሮጥ አልገባኝም። አስፈራርቷታል አልኩ።

ረቡዕ ዕለት ከምሳ በኋላ ወንድሟ መጣ።

ጥሩ ካፖርት ለብሷል። በወይን ጠጅ ጨርቅ የተቋጠረ የጣፋጭ ሳጥን ይዟል። ደፉ ላይ ቆሞ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ፣ እናቴም ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ከእሱ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

«ድንገት መጥቼ አስቸገርኳችሁ» አለ። «እኅቴም ብዙ ቀን ያስቸገረቻችሁ ይመስለኛል።»

«በዚህ በረዶ ሴት እንግዳ ከየት ይመጣል ብለው ነው፣ ጌታዬ? መደርደሪያው ያውልዎት።»

አየው። የማካቤ ጫማና በረዶ መንገድ የዘጋበት የአንድ ሩዝ ነጋዴ ጫማ ብቻ ነበሩ። ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።

«አንተ ጎበዝ፣ ሥዕል የምትሥል ሴት አላየህም?»

ወንድሟ ነው። ሊያስጥላት ደርሷል። አፌን ከፈትኩ። እናቴ አላየችኝም፣ ጀርባዋ ግን ሲደርቅ አየሁት።

ሰውዬው ለእናቴ ፈገግ አለና ቀጠለ። «እሑድ ሠርጓ ነው። ልብሱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እየጠበቃት ነው። ትንሽ አመለኛ ናት። ግን ሠርጓ ሲደርስ የማትደነግጥ ሴት ማን አለች?»

አፌን ዘጋሁ። እኅቴ ያለው ውሸት ነው፣ ይሄም የማካቤ ሰው ነው አልኩ። አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይወስዳል።

«አላየሁም» አልኩ።

«ጎበዝ ልጅ።» ከሳጥኑ ጣፋጭ አውጥቶ ሊሰጠኝ እጄን ያዘ። አገላበጠው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«የትምህርት ቤት ቀለም።»

«ትምህርት ቤት ተዘግቷል» አለ በቀስታ። ጣቴን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። ያን ቀለም በቤቱ ለዓመታት አሽትቶታል። እጄን ለቀቀ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማዎቹን ፈታ፣ ጫፋቸውን ወደ በሩ አዙሮ አስተካክሎ አስቀመጣቸውና ምንጣፉ ላይ ወጣ። ቢጮህ ኖሮ ያን ያህል አልፈራም ነበር።

ማካቤ ደረጃው አናት ላይ ጋዜጣውን አጠፈ።

«ላይ ያለው ተይዟል፣ ጌታዬ።»

«ማካቤ የምትባለው አንተ ነህ።»

«ነኝ።»

«ሴት እየሰረቅህ ማረፊያ ቤት የምታስገባው።»

«ሥራዋ ላይ ናት። ነገ ትጨርሳለች። ከዚያ በኋላ ራሷን ይጠይቋት።»

«ምን ብዬ ነው የምጠይቃት? የቤቱ ራስ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ቁጭ ይበሉና ሻይ ይምጣልዎት።»

የቀረውን አልሰማሁም። በማድቤቱ ደረጃ ሮጥኩ።

ናትሱኮ ክፍሉ መሐል ቆማለች። ወረቀቶቹን ጠፍጣፋ ሣጥን ውስጥ ከታለች፣ የቀለሙን ብልቃጥ በጡጫዋ ይዛለች። ፊቷ እንደ ወረቀቱ ነጥቷል።

«ከእንጨቱ ጀርባ ነው ያልከኝ?»

እጇን ይዤ ወረድኩ። አባቴ እሳቱ ፊት ተቀምጧል። ከእኔ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ሣጥኑ አየ። ጫማውን አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠ፣ ከሚስማሩ የገለባ ካባውን አንሥቶ ትከሻዋ ላይ ጣለውና የጓሮውን በር ከፈተ። ከቤቱ ውስጥ የሆነ ከባድ ነገር ደረጃውን ሲንከባለል ተሰማ። እናቴ ስትጮህ ሰማሁ። አባቴ ፍም መቆስቆሻውን ይዞ ወደዚያ ሄደ።

ሁለቱ የሚደባደቡት ማን ይውሰዳት ብለው ነው አልኩ። የተንከባለለው ማካቤ ነበር። የደረጃውን መደገፊያ አልለቅም ብሎ የእጁ አንጓ ተሰብሯል። መነጽሩም እንዳልነበር ሆኗል።

በረዶው እስከ ጉልበቴ ነበር። በእሷ ዱካ ላይ እየረገጥኩ ተከተልኳት። አንድም ጊዜ ዞር ብላ አላየችም። ጣቢያው ስንደርስ ባቡሩ ገና እንደሆነ ጣቢያ ጠባቂው ነገረን። ሌላ ሰው አልነበረም። ምድጃው አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ሣጥኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከፈተችው። በሩን እያየሁ ቆምኩ። ከአሁን አሁን ይመጣሉ እያልኩ።

ገጾቹ ሁሉ ተሥለው አልቀዋል፣ የመጨረሻው ብቻ ቀርቷል። ፊት የሌላት ሙሽራ። አፍጥጣ አየቻት። ብዕሩን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው።

«እትዬ» አልኩ፣ «ሁለቱንም አያግቧቸው።»

«ሁለቱንም?» ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። «ለምን አላገባቸውም?»

«አልጠየቁዎትማ። አንዱ ሐሙስ ይላል፣ አንዱ እሑድ ይላል። እርስዎን የጠየቀ አለ?»

ሳቋ ቆመ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ወረቀቱ አየች። ከዚያ ላጲሱን አወጣችና ሙሽራዋን ከቆቧ ጀምራ ማጥፋት ያዘች። ፍርፋሪውን በእጅ መጥረግ ወረቀት ያቆሽሻል፤ በላባ ነው የሚጠረገው። ላባውን ሰጠችኝ፣ ጠረግሁ። ነጩ ልብስ ጠፋ። የኤክሱ ሰውዬ ጠፋ።

እንደገና ስትሥል ብዕሯ አልቆመም። እኔ በግልባጭ ነው ያየሁት። መንገድ አለ። እጅጌዋን የሰበሰበች፣ እስከ ክርኗ እርጥብ የሆነች ልጅ በር ላይ ቆማለች። ፊቱ ጥላሸት የሆነ ልጅ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ፊቷ ቆሟል። ሌላ ሰው የለም። ሙሽራ የታለች አልኩ በልቤ።

በሩ ሲከፈት ማካቤ ነበር። እጁ በእናቴ መቀነት አንገቱ ላይ ታስሯል። ያለ መነጽር እያጨነቆረ ወደ ውስጥ ገባ። ሮጬ ፊቱ ቆምኩና እጆቼን ዘረጋሁ።

«አትደርስባትም» አልኩት።

«ተወው» አለች ከኋላዬ። «የእኔ ወገን ነው።»

እጄን አላወረድኩም። ማካቤ በላዬ አሻግሮ ነገራት። «ወንድምዎ ይከተለን ነበር። ጫማው ጠፋ።»

«ምን?»

«ጫማው ከደፉ ላይ የለም። አሮጊቷ እያለቀሰች ይቅርታ እየጠየቀች ትፈልጋለች። እመቤቲቱ ሻይ እየቀዳችለት ነው። ባልየው ደግሞ ፍም መቆስቆሻ ይዞ በሩ ላይ ተቀምጧል። በዚህ በረዶ በካልሲ አይመጣም።»

ናትሱኮ ወረቀቱን አነሣችለት። ዓይኑ አጠገብ አድርጎ ብዙ ጊዜ አየው።

«ሠርጉስ?» አለ።

«የለም።»

«ሺንታ ይጠይቃል።»

«ይጠይቃል።»

«የሚዮ መልስ የሚጻፍበት ክብ ባዶ ነው። ምን ይጻፍበት?»

«ምንም አይጻፍበት።»

«መምህርት፣ አንባቢ ይገድለናል።»

«ይግደለን» አለች፣ ብዕሯን እያበሰች።

ባቡሩ መጣ። ሁለቱም አብረው ሲገቡ መስኮቱ ሥር ቆሜ ነበር። አሸነፋት፣ ወሰዳት ብዬ አለቀስኩ። እሷ በመስኮቱ ታየኝ ነበር፤ ለምን እንደማለቅስ የገባት አይመስለኝም።

ይህን ያወራሁለት ሰው ሁሉ ማካቤን አገባችው ወይ ይለኛል። አላገባችውም። ማካቤ ሚስትና ልጆች ነበሩት። ያ መጨረሻ እንዲታተም ለማድረግ ከአለቆቹ ጋር ተጣልቶ ሌላ ቦታ ሥራ ለመፈለግ ተገደደ። ወንድሟ ከቤተሰቡ መዝገብ አስወጣት። እሷ ዓይኗ እስኪደክም ድረስ ስትሥል ኖረች፣ ባልም አላገባችም። በየአዲሱ ዓመት ለእናቴ ካርድ ትልክ ነበር።

መጽሐፉ የደረሰን በረዶው ቀልጦ ውኃው በየቦዩ ሲፈስ ነው። ኪኑ ከሰው ሁሉ ቀድማ ከሱቁ ይዛው መጣች። ያን ቀን እኔም ማድቤት ተቀመጥኩ። እናቴ ጎመን ትከትፋለች። ኪኑ አንብባ አንብባ የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አወቅሁት። በላባ የጠረግሁት ነበር። ተናገር ተናገር አለኝ። እናቴ ቢላዋውን ከፍ አድርጋ አየችኝ፣ ዝም አልኩ።

«ሺንታ እንዲህ አለ» ብላ ኪኑ አነበበች። «ሚዮ፣ ታገቢኛለሽ ወይ? እምቢ ብትይም ነገ ቶፉ እገዛለሁ።» ገጹን ገለበጠች፣ መልሳ ገለበጠች። «እሷ ምንም አላለችም። አፏ ተከፍቷል፣ ክቡ ባዶ ነው። ማተሚያ ቤቱ ረስቶታል።»

«ወዲህ አምጪ» አለች ቶሜ። ማንበብ አትችልም፣ ባዶውን ግን አየችው። «ይሄን ሁሉ ዓመት ያስለቀሱኝ ለዚህ ነው? እሺ ነው የምትለው። ሌላ ምን ትላለች?»

«እኔ ብሆን ትንሽ አለፋው ነበር» አለች ኪኑ። «ጭስህን መጀመሪያ አጥፋ እለው ነበር።»

«አንቺንማ ማን ይጠይቅሻል።»

«ይጠይቁኛል፣ እትዬ ቶሜ። ወረፋ ነው ያለው።» ተሳሳቁ። «እሜቴ፣ እርስዎ ቢሆኑስ?»

እናቴ ጎመኑን እየከተፈች ነው። «እኔን የጠየቀኝ የለም» አለች። «ጋሪ ላይ ጭነው ነው ያመጡኝ። እንዲህ ሲጠይቁ ምን እንደሚባል አላውቅም።»

አባቴ እንጨት ተሸክሞ የማድቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። መቼ እንደደረሰ ማንም አላየውም። ሳቁ ጠፋ። ኪኑ በመጽሐፉ ፊቷን ሸፈነች። አባቴ ሸክሙን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። እራት ደረሰ ወይ ከማለት በቀር እናቴን ምንም ሲጠይቃት ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«እዚህ ቤት ትኖሪያለሽ ወይ?» አለ።

ቢላዋው ቆመ። እናቴ ዞር ብላ አላየችውም።

«እስከ ነገ ጧት ላስብበት» አለች።

«እሺ» አለ አባቴ። እንጨቱን አንሥቶ ሄደ።

እሱ ራቅ እስኪል ጠበቁና ሴቶቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሴት በጓሮ በር ወጥታ በባቡር ስትሄድ አይቻለሁ። ጧት ገና ሳይነጋ ተነሥቼ ማድቤት ሄድኩ። እናቴ ምድጃው ፊት ቆማለች፣ ሩዙ ይፍለቀለቃል። አባቴ በሩ ላይ ተቀምጧል። ተኝቶ የነበረ አይመስልም።

«ምን ሆነህ ነው በዚህ ሰዓት?» አለችኝ።

«ምንም» አልኩ።

ቀልድ መሆኑን ካደግሁ በኋላ ነው የተረዳሁት። አባቴ በሞተ ጊዜ ለቀስተኞች ተሰብስበው ሳለ ይህን ጨዋታ አወራሁላቸው፣ ሳቁ። እናቴ ሻይ እየቀዳች ነበር። ሰዎቹ ወጡ። ከዚያ ኩባያዎቹን እየሰበሰበች፣ «ቀልድ አልነበረም» አለችኝ።

«ምኑ?»

«አሰብኩበት እኮ። የወሰንኩት ሊነጋ ሲል ነው።»